ዝቅተኛ ዲግሪ ቴርሞስታት ሞተር ከመፍላት ያድናል?

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጋራዥ አንድ የአይሱዙ ሹፌር «ከኩርሙክ ጭኜ ወደ አሶሳ ስወጣ ይፈላብኛል፤ የ82ቱን አውጡና የ71 ዲግሪ ግጠሙልኝ» አሉ። ይህ መፍትሔ ይሆናል?

ቴርሞስታት በር ነው። በውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ ይለጠጥና በሩን ገፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር ያሳልፋል። የተጻፈበት ቁጥር መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው፤ የ82ቱ 95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሞተሩ በሚፈላበት ሰዓት እንግዲህ ሁለቱም ወለል ብለው ተከፍተዋል። የ71ዱ ቀድሞ ይከፈታል እንጂ የራዲያተሩን አቅም አይጨምርም። ትርፉ ዳገት ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ኪሳራው ደግሞ ሜዳ ላይ ቀዝቅዞ መሥራት፣ ናፍጣ ማባከንና የሲሊንደር ቶሎ መበላት ነው።

ጨርሶ አውጥቶ መጣልም ይብሳል። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውሃ መንገድ ይዘጋል፤ ከሌለ ውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል።

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክዳን በሌለው ዕቃ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በሞተር ውስጥ ይህን ከፍ የሚያደርገው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው።

የሹፌሩን ቴርሞስታት ድስት ውስጥ አንጠልጥለን ውሃውን ስናሞቅ በሰዓቱ ተከፈተ። የክዳኑ ጎማ ግን ተሰንጥቋል፤ የራዲያተሩም ክንፎች በአቧራ ተደፍነዋል። ክዳኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ታጠበ፣ የ82ቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ከመቀየር በፊት መመርመር ይቅደም።