መሬቱ ሲከዳ፤ ሚዛንን እንደገና መማር

"ያዞረኛል" የምትለው ቃላችን ብዙ በሽታ ትሸከማለች። ደሙ ያነሰበትም፣ ግፊቱ የወረደበትም፣ ሳይበላ የዋለውም፣ አልጋው እንደ ወፍጮ የሚሽከረከርበትም፣ መሬቱ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥበትም ሁሉም "ያዞረኛል" ብሎ ሐኪም ፊት ይቀመጣል። ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ክኒን ይዞ ይመለሳል። ዛሬ የማነሳው ከእነዚህ መሀል ለወራትና ለዓመታት የሚቆየውን፣ መነሻው የውስጠኛው ጆሮ የሆነውን ነው። ዋናው ሕክምናው ክኒን ሳይሆን ልምምድ ነው፤ ይህን የሚነግራቸው አጥተው ቤት የቀሩ ሰዎች ግን አሉ።

አንዱ አጎቴ ናቸው። የሚኖሩት ሰንበቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ከሚሴ ሳትደርሱ የምታገኟት ባለ እሁድ ገበያዋ ከተማ። ዕድሜያቸውን በዚያ ገበያ ፍየል ሲሸጡ ሲገዙ ኖረዋል። ከዓመታት በፊት ቲቢ ተመልሶባቸው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ ተወጉ። ሳሉ ለቀቃቸው፣ ሰውነታቸውም ተመለሰ፤ ገበያ መውጣት ግን አቆሙ። "መሬቱ ይከዳኛል ልጄ፤ ስራመድ የሰው ፊት ይዘልብኛል" ይሉኝ ነበር። ለውዱእ ፊታቸውን ሲታጠቡ ዓይናቸውን ከጨፈኑ ይንገዳገዳሉ። ማታ ያለ ባትሪ ደጅ አይወጡም። ሰፈሩ ምክንያት አላጣም፤ ደም ማነስ ያለም፣ ዓይነ ጥላ ያለም ነበር።

መርፌው ስትሬፕቶማይሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘ፣ ቲቢን በማዳን የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነው፤ ውለታው ትልቅ ነው። በአገራችንም ለረጅም ዓመታት ቲቢ ለተመለሰባቸው ሕሙማን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ለ2 ወር ሲሰጥ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ የድጋሚ ሕክምና አሰጣጥ እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰዎች ላይ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ሚዛን ጠባቂ ሕዋሳት ይገድላል። የሞተው ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ ጤነኛ ሆኖ አይበቅልም።

ጆሮ መስሚያ ብቻ አይደለም። በውስጡ 3 ግማሽ ክብ ቱቦዎችና 2 ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ጭንቅላት ሲዞር፣ ሲያዘነብል፣ ወደፊት ሲሄድ ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በዚያው ልክ ወደ ግራ ይመለሳል። እየተራመድን የመኪና ታርጋ ማንበብ የምንችለው ለዚህ ነው። ይህ ሲጠፋ ዓለም በየእርምጃው ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በዚሁ መድኃኒት ሚዛኑን ያጣ አንድ ሐኪም በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የራሱን ታሪክ ጽፎ ነበር፤ የልቡ ምት እንኳን ፊደሉን ስለሚያዘልልበት፣ ለማንበብ ጭንቅላቱን በአልጋው ራስጌ ብረቶች መሀል አስደግፎ መያዝ ነበረበት።

ታዲያ ሕዋሱ ካልተመለሰ ልምምድ ምን ያደርጋል? አንጎል በሌላ መንገድ እንዲሠራ ያስተምራል፤ በዓይን፣ በእግር መዳፍ፣ በአንገት መረጃ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በእንግሊዝ የጀመሩት ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ታካሚዎቻቸው ተኝተው እንዲያገግሙ ከመተው ይልቅ ጭንቅላታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ማድረጋቸው ያን ጊዜ ሳያስገርም አልቀረም። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ አንጎል ስህተቱን ካላየ አያርምም። የሚፈራውን እንቅስቃሴ የሸሸ ሰው ማዞሩን ያቆየዋል። ሲናሪዚንን የመሰሉ ክኒኖችም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት የጭንቅ ቀናት ይረዱ እንደሆነ እንጂ፣ ለወራት ሲወሰዱ ይህንኑ ትምህርት ያዘገያሉ። በአንድ ጊዜ ማቆምም ጉዳት ያለው መድኃኒት ስላለ ውሳኔው ከሐኪም ጋር ይሁን።

መሣሪያው ወረቀትና ግድግዳ ነው። አንድ ፊደል ጽፋችሁ ዓይናችሁ ትክክል ትለጥፋላችሁ። አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ ፊደሉን ሳትለቁ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ቀኝ ታወዛውዛላችሁ፤ ፊደሉ ሊደበዝዝ እስኪል ድረስ ትፈጥናላችሁ፣ ከዚያ አታልፉም። ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች። መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ኋላ ቆሞ፣ በመጨረሻም እየተራመዱ። የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት መመሪያ ለቆየ ችግር በቀን ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በድምሩ 20 ደቂቃ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይላል፤ ሁለቱም ጆሮ ለተጎዳበት ደግሞ ይረዝማል። ለሚዛን ደግሞ በክፍሉ ማዕዘን ጀርባን ሰጥቶ፣ ወንበር ከፊት አስቀምጦ፣ እግርን ገጥሞ መቆም፤ ሲለመድ የታጠፈ ጋቢ ላይ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ አጠገቡ ሰው ሳይኖር አይሞክረው። በልምምዱ ጊዜ ትንሽ ማዞሩ አይቀርም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ረገብ ካለ መንገዱ ትክክል ነው።

አጎቴ ደሴ ድረስ ሄደው ከፊዚዮቴራፒስት ተማሩት። በሁለተኛው ወር ብቻቸውን አስፋልቱ ድረስ መሄድ ጀመሩ። ጨለማው ግን እንዳለ ነው፤ ዓይን ካላየ የጠፋውን የሚተካ ነገር ይጎድላልና ባትሪውን አልጣሉም። ገበያው የመጨረሻው ፈተና ነበር። አቧራው፣ ግመሉ፣ ወዲህ ወዲያ የሚለው ሰው ጤነኛውንም ያደክማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጠዋት ሳይሞላ፣ ዳር ቆመው፣ 10 ደቂቃ ብቻ።

ሁሉም ማዞር ግን በዚህ አይታከምም። አልጋ ላይ ሲገለበጥ ወይም ለሱጁድ ሲደፋ ብቻ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ የሚሽከረከርበት ሰው፣ የጆሮው ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች ቱቦ ውስጥ ገብተውበት ሊሆን ይችላል። ለእሱ ኤፕሊ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የቀየሰው ጭንቅላትን በቅደም ተከተል የማዞር ዘዴ አለ፤ ብዙዎች በአንድ ሁለት ጊዜ ይድናሉ። ድንገት ከማዞሩ ጋር ንግግር ከተኮላተፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይም ጆሮ ከደነቆረ ደግሞ ወረቀት መለጠፍ የለም፤ በፍጥነት ሆስፒታል ነው።

ከስትሬፕቶማይሲን ጋር አንድ ወገን የሆነው ጄንታማይሲን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። እየተወጋችሁ መንገዳገድ ወይም የጆሮ ጩኸት ከጀመራችሁ፣ ቀጣዩን መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።