የአዳማ ግቢ ሳር ስንት ያስወጣል?

አዳማ ላይ ቤቱን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግቢውን ሳር ለማልበስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ነው። መጠየቁ ደግ ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን እዚያ ውስጥ የለም። የሳሩ ዋጋ አንዴ ይከፈላል፤ ውሃው በጋ በመጣ ቁጥር ይከፈላል።

ሂሳቡን በ50 ካሬ እንየው። በስምጥ ሸለቆ ደረቅና ነፋሻ ወራት ሙቀት የለመደ ሳር በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ ይኸውም ለአንድ ካሬ 4 ሊትር ነው። 50 ካሬ እንግዲህ በቀን 200 ሊትር፣ አንድ ሙሉ በርሜል ይጠጣል። በወር 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህን በቦቴ እያስገዙ መዝለቅ ከባድ ነው። ስለዚህ የሳሩን ስፋት የሚወስነው የግቢው ስፋት ሳይሆን የሚገኘው ውሃ መሆን አለበት፤ 20 ካሬ ለምለም ሳር ከ100 ካሬ የነደደ ሳር ይሻላል። የጉድጓድ ውሃ ያለውም ቢሆን ያስመርምር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ይበዛበታል፤ ሶዲየም ደግሞ ሲደጋገም አፈሩን ያደድራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሳሩ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ የሚያምረው ኪኩዩ ሳር የደጋ ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ባለችው አዳማ ግን ውሃ ካልበዛለት ይጎሳቆላል። ለቆላውና ለወይና ደጋው የተፈጠረው ሰርዶ ነው። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችለት፣ ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ያው ሰርዶ ማለቴ ነው። ሙቀት ይችላል፣ ጨው ይችላል፣ ቢረግጡትም ይነሳል። ጥላ ግን አይወድም፤ ዛፍ ሥር ባይተክሉት ይመረጣል።

ገንዘብ የሚተርፈው አተካከሉ ላይ ነው። የሰርዶን ሐረግ አንስቶ ላየ ሰው በየጣት ርቀቱ አንጓ አለው፤ አፈር ያገኘ አንጓ ሁሉ ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ያወጣል። ሦስት አራት አንጓ ያለውን ቁራጭ ግማሹን ቀብሮ ጫፉን ውጭ መተው ይበቃል። ከ1 ካሬ ሳር የተቆራረጠው ሐረግ ወደ 10 ካሬ ያዳርሳል፤ ለ50 ካሬ 5 ካሬ ገዝቶ መነሳት ይቻላል ማለት ነው። የሚከፈለው ትዕግሥት ነው፦ መሬቱን እስኪሸፍን ሁለት ሦስት ወር አረም እየነቀሉ መጠበቅ። እንግዳ የሚጠራበት ቀን ለደረሰበት ሰው ብቻ ነው ተነቅሎ የሚነጠፈው ሳር የሚያዋጣው።

አፈር ላይ መቆጠብ አይገባም። የአዳማ መሬት በብዙ ቦታ ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ቀላል አፈር ነው፤ ውሃን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። 10 ሳንቲ ሜትር ለም አፈርና የበሰለ ፍግ ቢደለደልበት ለ50 ካሬ 5 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ይህ ገንዘብ ከበጋው የውሃ ወጪ ላይ ተቀንሶ ይመለሳል።

ተከላው በሰኔ መጨረሻ ቢሆን ክረምቱ የመጀመሪያዎቹን ወራት ውሃ ይሸፍናል። በበጋ ውሃ ከጠፋም የተደላደለ ሰርዶ ቢጫ ይሆናል እንጂ ቶሎ አይሞትም፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይነሳል። ውሃ በጠፋበት ጊዜ በርሜሉን ለማንጎውና ለፓፓያው ማዋል ይሻላል።