ቁርጥማትና ሥራ፤ በእንግሊዝ አገር የአካል ችሎታ እንዴት ይመዘናል?

«እንደ ምን አደሩ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ሌላው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል፤ ከዚያም ሁለቱም «ደኅና ነኝ» ብለው ይጨምራሉ። ጕልበቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዝረው ያደረ ሽማግሌም ሆነ ጣቶችዋ አልታጠፍ ብለዋት የቡና ሲኒ ማንሣት የተሳናት እናት የሚመልሱት ይህንኑ ነው። ጨዋነት ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ ጕዳት የሚያስከትልበት አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ሕመምተኛው የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት የአካሉ ችሎታ በሚመዘንበት ሰዓት ነው።

ከአፍሪቃ ቀንድ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ኑሮአቸውን በለንደንና በሌሎች ከተሞች የመሠረቱ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። በሆቴል፥ በሆስፒታል፥ በጽዳትና በመኪና ነጂነት ሥራ ብዙ ዘመን ደክመው፥ ዕድሜአቸው ሲገፋ ቁርጥማት የሚይዛቸው ይገኙባቸዋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ገጽ ያለው የጥያቄ ወረቀት ከመንግሥት ይደርሳቸዋል፤ ወረቀቱንም ለመረዳት የልጅ ወይም የዘመድ ምክር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ምዘናው የሚመዝነው ምን እንደ ሆነ፥ ከዚያም በኋላ ወደ ሥራ መመለስ እንዴት እንደሚቻል መግለጽ ጥቅም ያለው መስሎ ታይቶናል። ደንቦቹ በየጊዜው የሚሻሻሉ ስለ ሆኑ፥ እዚህ የተገለጸው በ2025 ይሠራበት የነበረው ነው። ስለ እንግሊዝ አገር የተጻፉት ዓመታትም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ስለ ሕመሙ ጥቂት እንናገር። በልማድ «ቁርጥማት» የምንለው ስም ብዙ ዓይነት ሕመሞችን ያጠቃልላል። ከእነዚህም ሁለቱ ይበልጥ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ኦስቲኦአርትራይተስ ሲሆን፥ በአጥንትና በአጥንት መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው፤ ጕልበትን፥ ዳሌንና የእጅ ጣቶችን አብዝቶ ያጠቃል። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በ1859 ሩማቶይድ አርትራይተስ ብሎ የሰየመው ነው። ይህኛው ሰውነትን ከበሽታ እንዲጠብቅ የተሰጠው የመከላከያ ኀይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲወጋ የሚነሣ ሲሆን፥ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ጠዋት ጠዋት እጅና እግር ይተሳሰራል፤ ድካሙም በእንቅልፍ የሚወገድ አይደለም። ሕክምናው በጊዜ የተጀመረ እንደ ሆነ፥ ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒትና ከእርሱም በኋላ የመጡት አዳዲስ መድኃኒቶች የብዙዎችን መገጣጠሚያ ከመጣመም አድነዋል። ሆኖም ሁለቱም ሕመሞች ዛሬ ይብሳሉ፥ ነገ ይሻላሉ። ማክሰኞ ደረጃ የወጣ ሰው ሐሙስ ከአልጋው መውረድ ሊያቅተው ይችላል። ለመመዘን የሚያስቸግረውም ይኸው ተለዋዋጭ ጠባዩ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሁለት ዓይነት ምዘና መኖሩን፥ ሁለቱም እንደማይመሳሰሉ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በ2013 የተጀመረውና ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት፥ በአጭሩ ፒፕ የሚባለው ድጎማ ምዘና ነው። ስኮትላንድ ግን ከ2022 ጀምሮ በዚህ ፈንታ የራስዋን ድጎማ ትሰጣለች። ፒፕ የሚሰጠው ለሥራ ፈት ብቻ አይደለም፤ የሚሠራም ሰው ይቀበለዋል፥ ደመወዙና ሀብቱም አይጠየቅም። ጥያቄው «በዕለት ኑሮህ ምን ያህል ራስህን ትችላለህ?» የሚል ነው። ዐሥሩ ጥያቄዎች ስለ ምግብ ማዘጋጀት፥ ስለ መታጠብ፥ ስለ ልብስ መልበስና ይህን ስለ መሳሰለው ሲሆኑ፥ ሁለቱ ስለ መንቀሳቀስ ናቸው። ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጣል። በአንደኛው ክፍል 8 ነጥብ ያገኘ ዝቅተኛውን፥ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ክፍያ ይቀበላል። ችግሩም ከጀመረ 3 ወር የሆነው፥ ወደፊትም 9 ወር ይቈያል ተብሎ የሚገመት መሆን አለበት።

አሁን የነገሩ ቍልፍ ወደ ሆነው እንምጣ። ደንቡ የሚጠይቀው «ይህን ሥራ ልትሠራው ትችላለህን?» ብቻ አይደለም። ያለ አደጋ፥ በደኅና አኳኋን፥ ባስፈለገ ጊዜ ሁሉ ደጋግሞ፥ ደግሞም ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት ጊዜ ከእጥፍ ባልበለጠ ጊዜ ሊሠራው የማይችል ሰው፥ ያን ሥራ እንደማይችል ይቈጠራል። ሕመሙ የሚለዋወጥ ከሆነም የሚታየው በ12 ወር ውስጥ ከግማሽ በሚበልጡት ቀኖች የሚደርሰው ነገር ነው። እንግዲህ ሸሚዙን ለመቈለፍ ጤነኛ ከሚፈጅበት ሦስት እጥፍ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው «እለብሳለሁ» ብሎ ቢጽፍ፥ ቃሉ እውነት ይመስላል እንጂ በደንቡ ሚዛን እውነት አይደለም።

ለምሳሌ በለንደን በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ፥ ዕድሜዋ 52 ዓመት የሆነ አንዲት ሴት እናስብ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይዞአታል። ሽንኵርት ለመክተፍ እጀታው የወፈረ ልዩ ቢላዋ ያስፈልጋታል፤ ለዚህ 2 ነጥብ። እጅዋ ከትከሻዋ በላይ ስለማይወጣ ጠጕርዋን ልጅዋ ታጥብላታለች፤ 2 ነጥብ። ካልሲና ጫማ የሚያደርግላት ሰው ትሻለች፤ 2 ነጥብ። ከመጸዳጃ መቀመጫ ለመነሣት የግድግዳ መያዣ ያስፈልጋታል፤ 2 ነጥብ። ድምሩ 8 ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «ምግቤን ራሴ እሠራለሁ፥ ራሴ እለብሳለሁ፥ ልጄም ትረዳኛለች» ብላ ብትጽፍ ድምሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ አንድ ናት፥ ሕመሙም አንድ ነው፤ የተለየው አነጋገርዋ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሥራ ችሎታ ምዘና ሲሆን በ2008 የተጀመረ ነው። ይህ የሚጠይቀው ሰውየው ከሕመሙ የተነሣ ሥራ ከመፈለግ ግዴታ ነጻ ይሆን ዘንድ ይገባዋልን? የሚለውን ነው። በዚህኛው ዘንድ የሚያስፈልገው 15 ነጥብ ነው። መለኪያዎቹም ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የወተት ካርቶን አንሥቶ ማንቀሳቀስ የማይችል 15 ነጥብ ያገኛል፤ ግማሹን ችሎ አንድ ሊትሩን የማይችል ግን 9 ብቻ ነው። በሁለቱም እጆቹ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ከገበታ ላይ መልቀም የማይሆንለት 15 ይሰጠዋል። ሳይቆም ወይም ከባድ ሕመም ሳይሰማው ከ50 ሜትር በላይ መሄድ የማይችልም እንዲሁ። ከዚህ ምዘና የሚወጣው ፍርድ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ለሥራ ብቁ ነው፥ ወይም አሁን አይሠራም ነገር ግን ለሥራ ይሰናዳ፥ ወይም ለሥራ መሰናዳትም አይገደድም የሚል።

መዛኙ ሰው ሕመምተኛውን የሚያክመው ሐኪም አይደለም። ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የሚያየውም ለአንድ ሰዓት ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም በስልክ ብቻ ነው። በመጨረሻ የሚወስነው ደግሞ ሕመምተኛውን ከቶ ያላየ የመንግሥት ሹም ነው። እርሱ የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ያልተነገረ ሕመም በእርሱ ዘንድ የለም ማለት ነው። አስተርጓሚ መጠየቅም፥ ሰው ይዞ መግባትም ይፈቀዳል። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአማርኛችን «ትንሽ አሞኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እጅግ የታመመ ሰው ነው። ቃሉ በቃሉ የተተረጐመ እንደ ሆነ ግን መዛኙ «ሕመሙ ቀላል ነው» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሕመምተኛው «ትንሽ» እና «ብዙ» ማለቱን ትቶ በቍጥር ቢናገር ይሻላል፤ ከሳምንቱ ስንት ቀን እንደሚብስበት፥ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት፥ ማን እንደሚረዳው ይግለጽ። ከመቅረቡም በፊት የሁለትና የሦስት ሳምንት ውሎውን በየቀኑ ቢጽፍ መልካም ማስረጃ ይሆነዋል። ማጋነን ግን አይገባም፤ ሐሰት በአንድ ቀን ሲገለጥ እውነቱንም ሁሉ ይዞት ይጠፋል።

ውሳኔው ትክክል ያልመሰለው ሰው ከደብዳቤው ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ጕዳዩን ደግሞ እንዲያይለት ይጠይቃል። ያም ካልተሳካ በሌላ አንድ ወር ውስጥ ነጻ ለሆነው የይግባኝ ጉባኤ ያቀርባል። የፒፕ ይግባኝ ሲሆን ዳኛው ከሐኪምና ስለ አካል ጕዳት ዕውቀት ካለው ሰው ጋር ይቀመጣል፤ ለአቤቱታውም ገንዘብ አይከፈልም።

ከዚህ ቀጥለን ወደ ሥራ ስለ መመለስ እንናገር። ቀድሞ የነበረው አስተሳሰብ የታመመ ሰው ፈጽሞ ሳይድን አይሥራ የሚል ነበር። በ2008 ዴም ካሮል ብላክ ስለ ሠራተኞች ጤና ለመንግሥት ያቀረቡት ጽሑፍ ይህን ነቀፈ። እኒህ ሴት የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ናቸው። ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ መቶ በመቶ ጤነኛ መሆን እንደማያስፈልገው፥ ተስማሚ ሥራም ለጤና የሚጠቅም መሆኑን አስረዱ። ከዚህም የተነሣ በ2010 የሐኪሙ የሕመም ወረቀት ተለወጠ። አዲሱ ወረቀት «መሥራት አይችልም» ከማለት ሌላ «እንዲህ ቢደረግለት ሊሠራ ይችላል» የሚል ምርጫ አለው። መንገዶቹም አራት ናቸው፤ ቀስ በቀስ መመለስ፥ ሰዓቱን መለወጥ፥ የሥራውን ዓይነት ማሻሻል፥ የሥራውን ስፍራና መሣሪያ ማስተካከል።

ሕጉም ይደግፈዋል። በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ፥ 12 ወር የቈየ ወይም ይቈያል ተብሎ የሚገመትና የዕለት ተግባርን በእጅጉ የሚያሰናክል ሕመም ያለበትን ሰው ከአካል ጕዳተኛ ይቈጥረዋል። በመድኃኒት የተሻለው ሰው እንኳ መድኃኒቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ታይቶ ይፈረድለታል። አሠሪውም ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ አግባብ ያለውን ማስተካከያ ማድረግ አለበት፤ ወጪውንም በሠራተኛው ላይ መጣል አይችልም። ከዚህ ለሚበልጠው ወጪ፥ ለልዩ ወንበር፥ ለልዩ መሣሪያ፥ በአውቶቡስ መሄድ ላልቻለም ለታክሲ፥ ከ1994 ጀምሮ አክሰስ ቱ ወርክ የተባለ የመንግሥት ርዳታ አለ። በግሉ የሚነግድም ሰው ሊጠይቀው ይችላል።

ብዙዎችን ከሥራ የሚያስቀረው «ብሠራ ድጎማዬ ይቀራል» የሚለው ፍርሀት ነው። ፒፕ ሥራ በመጀመር ብቻ አይቋረጥም፤ የአካሉ ሁኔታ ከተለወጠ ግን ማስታወቅ ግዴታ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለው ድጎማም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይቈረጥም። ሕመሙ ሥራውን እንደሚያሰናክልበት በምዘና የተፈረደለት ሰው በየወሩ እስከ ተወሰነ ልክ ያገኘው ደመወዝ አይነካበትም፤ ከዚያ በላይ ካገኘው ከያንዳንዱ ፓውንድ 55 ፔንስ ብቻ ከድጎማው ይቀነሳል። እንግዲህ የሠራ ሰው ምንጊዜም ቢሆን ጥቂት ይተርፈዋል።

ወደዚያች ወጥ ቤት ሠራተኛ እንመለስ። ጠዋት እጅዋ የማይፈታ ስለ ሆነ በ12 ሰዓት ፈንታ ከረፋዱ በ4 ሰዓት ብትጀምር፥ ከባዱን ድስት በእጅዋ ከማንሣት በባለ ጎማ ጋሪ ብትገፋው፥ ቆማ የምትሠራውንና ተቀምጣ የምትሠራውን ብታፈራርቅ ሃያ ዓመት ያካበተችው ሙያ አይጠፋም። ጌታዋም አዲስ ሰው ፈልጎ ከሚያስተምር ይልቅ አንድ ጋሪና አንድ በርጩማ ቢገዛ ትርፉ የእርሱ ነው። ይህም እንዲሆን ሴትዮዋ ለመዛኙ የተናገረችውን ያንኑ እውነት ለአሠሪዋም መናገር አለባት። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፥ የደበቀ ሠራተኛም ማስተካከያ አያገኝም።

ይህ ነገር ከባሕር ማዶ ያለ ብቻ አይምሰለን። በኢትዮጵያም የአካል ጕዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጕዳተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ ያዛል። አዋጅ ግን በጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ የማንንም ጕልበት አያሳርፍም። ፀሓፊው ጠዋት እርሳስ መጨበጥ ሲያቅተው ያየ ሹም፥ የመጋዘን ጠባቂው ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ እየተደገፈ መሆኑን የተመለከተ ነጋዴ «እንደ ምን አደርህ?» ብሎ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ከሰማ በኋላ ጥያቄውን በዚያ አያብቃ። «የትኛው ሥራ ያስቸግርሃል? ምንስ ቢደረግልህ ይቀልልሃል?» ብሎ ይጨምር። ሠራተኛውም ያለ ኀፍረት እውነቱን ይመልስ።