ቁልፉ በእሷ እጅ፣ ንብረቱ በእሱ ስም

ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ብሪታንያን በገዛችበት ዘመን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የእንግሊዝ መካከለኛ መደብ ስለ ቤተሰብ የነበረው አስተሳሰብ አደባባዩን ለወንድ፣ ጓዳውን ለሴት የደለደለ ነበር። ፋብሪካውና የንግድ ቢሮው ከመኖሪያ ቤት እየራቁ ሲሄዱ፣ ቀድሞ በሱቅም በእርሻም ከባሏ ጎን ትሠራ የነበረችው ሚስት ቤት መዋሏ የባልየው ገቢ የተትረፈረፈ ለመሆኑ ማስረጃ፣ የቤተሰቡም የክብር ምልክት ሆነ። ገጣሚው ኮቨንትሪ ፓትሞር በ1854 ማሳተም ለጀመረው ረጅም ግጥም የሰጠው ርእስ፣ «የቤቱ መልአክ»፣ የዚህች ሴት መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ መልአኳ ልጆቿን በሃይማኖት ታንጻለች፣ በገበያው ሽሚያ ደክሞ የሚመለሰውን ባሏን በየዋህነቷ ታሳርፋለች፣ ለራሷ ግን ምንም አትሻም። መልአኳ እጇ ሳይቆሽሽ እንድትኖር እሳት የምታነድ፣ ውሃ የምትሸከምና ልብስ የምታጥብ ሌላ ሴት ታስፈልግ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በ1851 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በቤት አገልጋይነት የተመዘገቡት ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጉ ነበር፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ።

ከዚህ ውብ ሥዕል ጀርባ የቆመው ሕግ ግን ለመልአክ የተጻፈ አይመስልም። ከመካከለኛው ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው የእንግሊዝ የልማድ ሕግ መሠረት ሴት ስታገባ ሕጋዊ ሰውነቷ በባሏ ሕጋዊ ሰውነት ይሸፈናል፤ የሕግ ሰዎች ይህን ሥርዓት «ከቨርቸር» ይሉታል፣ መሸፈን ማለት ነው። የተሸፈነችው ሚስት በራሷ ስም መዋዋልም ሆነ መክሰስ አትችልም፤ ይዛው የገባችው ጥሬ ገንዘብና ዕቃ የባሏ ይሆናል፣ ሠርታ ያገኘችው ደመወዝም እንደዚያው ነው፣ የወለደቻቸው ልጆችም በሕግ ዓይን የአባታቸው ናቸው። ባለጸጎች የሴት ልጃቸውን ድርሻ ከሠርጉ በፊት በባለአደራዎች ስም እያስቀመጡ ከሕጉ ያመልጡ ነበር፤ ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ቤተሰብ ግን ልጁን ሲድር ንብረቷንም አብሮ ይድር ነበር።

ሕጉ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለሕዝብ የታየው በጸሐፊዋ በካሮላይን ኖርተን ላይ በደረሰው ነው። ባሏ ጆርጅ ኖርተን በ1836 የወቅቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሜልበርንን ከሚስቴ ጋር አመንዝሯል ሲል ከሰሰ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ስሟ በችሎት ሲነሣና ሲጣል የሰነበተው ካሮላይን ግን የክርክሩ ተካፋይ ስላልነበረች ቆማ ራሷን መከላከል አልተፈቀደላትም። ባልየው በክሱ ቢሸነፍም ሦስት ወንዶች ልጆቿን ይዞ እንዳታያቸው ከለከላት፣ በብዕሯ የምታገኘው ገንዘብም በሕግ የእሱ ነበር። እሷ ባካሄደችው ቅስቀሳ በ1839 የወጣው ሕግ ከባሏ የተለየች እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ትልልቆቹንም ለመጠየቅ ለፍርድ ቤት እንድታመለክት ፈቀደ። መብቱ ጠባብ ነበር፤ ሆኖም በሽፋኑ ላይ የተከፈተ የመጀመሪያው ቀዳዳ ነው።

ልብ ወለድ ወደዚህ ክርክር ሲገባ በጥንቃቄ መራመድ ነበረበት። የዘመኑ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቅጽ ይታተም ስለነበርና ዋጋው 31 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ስለሆነ፣ አንባቢው መጽሐፉን ከመግዛት ይልቅ ቻርልስ ኤድዋርድ ሙዲ በ1842 እንዳቋቋመው ካለ የኪራይ ቤተ መጻሕፍት ይዋስ ነበር፤ የሙዲ የዓመት ክፍያ አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሽልንግ፣ ብቻ ነበር። ሙዲ ለቤተሰብ አይመጥንም ያለውን መጽሐፍ አይገዛም፤ እሱ ያልገዛው መጽሐፍ ደግሞ ገበያው ይጠባል። ማታ ማታ አባት ለሚስቱና ለሴት ልጆቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጋብቻ መራራ ነገር መናገር የፈለገ ደራሲ ነገሩን በሰም ለብጦ ማቅረብ ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ በእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ ከሰዎቹ ንግግር ይልቅ ዕቃዎቹ፣ በተለይ ቁልፍ፣ ቦርሳና በር፣ ብዙ ይናገራሉ።

የቻርልስ ዲክንስን ሁለት ወጣት ሴቶች ማየት ይበቃል። በ1852 እና 1853 በወጣው «ብሊክ ሀውስ» ኤስተር ሰመርሰን ወደ አሳዳጊዋ ቤት በገባችበት ምሽት አንዲት አገልጋይ በቅርጫት ሁለት እስር ቁልፍ ታመጣላታለች፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የምን እንደሆነ ተጽፎበታል፣ ኤስተርም ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቤቱን መደርደሪያና ሣጥን ሁሉ በልቧ ይዛ ታስተዳድራለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ያለችው ዶራ ደግሞ ቁልፎቹን በትንሽ ቅርጫት ወገቧ ላይ አስራ እያንሿሿች ትዞራለች፤ ቁም ሣጥኖቹ ግን ከነጭራሹ አልተቆለፉም፣ ቁልፎቹም የውሻዋ የጂፕ መጫወቻ ሆነዋል። ዲክንስ ኤስተርን በባልትናዋ ይሸልማታል፣ ዶራን በለጋነቷ ይገድላታል። ከሁለቱ አንዷም ቢሆን በቁልፉ የሚከፈተው ንብረት የማን እንደሆነ አትጠይቅም፤ የቤተሰብን ሙቀት ከማንም በላይ ያወደሰው ዲክንስ ራሱ አሥር ልጆች ከወለደችለት ሚስቱ በ1858 መለያየቱን ያወቀ አንባቢ ይህን ዝምታ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ጥያቄውን ያነሡት የገጠር ቄስ ልጆች የሆኑት እኅትማማቾች ናቸው። ሻርሎት ብሮንቴ «ከረር ቤል» በሚል የብዕር ስም በ1847 ያሳተመችው «ጄን ኤር» ዋና ገጸ ባሕርይዋን «ገቨርነስ» ያደርጋታል፤ ይህች በሀብታም ቤት ተቀጥራ ልጆች የምታስተምር ሴት ከአገልጋዮቹም ከጌቶቹም ጋር የማትቆጠር፣ ጨዋ ተብላ ለሥራ የወጣች ፍጥረት ነበረች። ጄን በዓመት 30 ፓውንድ ታገኛለች፤ ጌታዋ ሮቸስተር ሊያገባት ሲነሣ በሐርና በጌጥ ሊያንቆጠቁጣት ይፈልጋል፣ እሷ ግን ይህ ሁሉ እንደ ተገዛች ሴት ያሳቅቃታል። ብሮንቴ መጨረሻ ላይ የምታጋባቸው ጄን ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ወርሳ፣ ከሦስት ዘመዶቿ ጋር እኩል ተካፍላ፣ 5,000 ፓውንድ በእጇ ከያዘች በኋላ ነው። ብዙ ተቺዎች በዚህ ፍጻሜ የሴቲቱን ነጻነት ያያሉ፤ ነገር ግን በ1847 በነበረው ሕግ፣ በባለአደራ ካልተያዘ በቀር፣ ያ ገንዘብ በሠርጉ ዕለት የሮቸስተር ይሆናል። ልብ ወለዱ ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ታናሿ አን ብሮንቴ በ1848 ባወጣችው «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» ግን እዚሁ ሕግ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ሄለን የምትባለው ሴት አርተር ሀንቲንግደን የተባለ መልከ መልካም ሰው አግብታ፣ ሰካራምና ሴት አውል መሆኑን ስታውቅ፣ በፍቅሯ አቀናዋለሁ ብላ ትታገላለች፤ የመልአኩ ትምህርት ያዘዛትን ሁሉ ትፈጽማለች፣ ሰውየው ግን እየባሰበት ሄዶ ትንሹን ልጃቸውን ወይን እያስጠጣ እርግማን ማስተማር ይጀምራል። ሄለን በሚስጥር ሥዕል እየሣለች ሸጣ ልጇን ይዛ ለመጥፋት ታቅዳለች። አንድ ምሽት ባሏ የምትጽፈውን ማስታወሻ ከእጇ ነጥቆ ያነብና ዕቅዱን ይደርስበታል፤ ቁልፎቿን እንድትሰጠው ያዝዛታል፣ ሣጥንና መሳቢያዋን ይከፍታል፣ ገንዘቧንና ጌጧን ይወስዳል፣ የቀለም መደባለቂያዋን፣ ቀለሟንና ብሩሿን ምድጃ ውስጥ ከትቶ እያየች ያቃጥለዋል፤ ወደፊትም ትንሽ የወር መቁረጫ ብቻ እንደሚሰጣት ይነግራታል። ዲክንስ በኋላ በቅርጫት የሚያስረክበውን ቁልፍ ብሮንቴ አስቀድማ በባልየው እጅ አስገባችው። የትዕይንቱ ክብደት ከቁጣው ይልቅ ከሕጋዊነቱ ይመጣል፤ ሀንቲንግደን በዚያች ሌሊት ከወሰደውና ካቃጠለው ነገር በሕግ የእሱ ያልሆነ አንድም አልነበረም።

ሄለን በመጨረሻ በወንድሟ እርዳታ ልጇን ይዛ ታመልጣለች፣ በእናቷ የቤተሰብ ስም ተሸሽጋ ሥዕሎቿን በሐሰት ፊርማ ለንደን እየላከች ትኖራለች። ልጁን መውሰዷም፣ የሥዕሉን ዋጋ ለራሷ ማድረጓም ሕግን መተላለፍ ነው፤ ደራሲዋ ግን ለሄለን ይቅርታ አትለምንላትም። የዘመኑ ገምጋሚዎች መጽሐፉን ሻካራ አሉት፤ አን በ1849 በ29 ዓመቷ ስትሞት ሻርሎት ራሷ እንደገና እንዲታተም አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ቀስ እያለ መጣ። በ1857 ፍቺ ከፓርላማ ወደ ፍርድ ቤት ወረደ፤ ባል ሚስቱ ማመንዘሯን ብቻ ቢያስረዳ ይበቃዋል፣ ሚስት ግን ከምንዝሩ በላይ ጭካኔን ወይም ጥሎ መሄድን የመሰለ ሌላ በደል ማስረዳት ነበረባት። የ1870ው የባለትዳር ሴቶች የንብረት ሕግ ሚስት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ የራሷ ሲያደርግ፣ በሥነ ጽሑፍና በሥነ ጥበብ ችሎታ የተገኘ ገቢንም በግልጽ ጠቅሶ ነበር። የ1882ቱ ሕግ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1883 ጀምሮ የሚስት ንብረት በሙሉ የሚስት እንዲሆን ደነገገ።

በሁለቱ ሕጎች መካከል፣ በ1871 እና 1872፣ ጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች»ን አወጣች። በትክክለኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ የምትባለው ይህች ደራሲ ሚስቱን መፍታት ካልቻለው ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር ያለ ጋብቻ ሃያ አራት ዓመት ኖራለች። በልብ ወለዱ ካዞቦን የተባለው አዛውንት ምሁር ወጣት ሚስቱ ዶሮቴያ ከሞቱ በኋላ ዊል ላዲስሎን ብታገባ ውርሱን እንድታጣ በኑዛዜው ላይ አንቀጽ ይጨምራል፤ የባል እጅ ከመቃብርም ይዘረጋል ማለት ነው። ዶሮቴያ ውርሱን ትታ ላዲስሎን ታገባለች። ይህን ማድረግ የቻለችው በዓመት 700 ፓውንድ የራሷ ገቢ ስላላት መሆኑን ኤልየት በግልጽ ታስቀምጣለች፤ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት፣ ከፍቅሩ ይልቅ ያቺ ትንሽ የሒሳብ ዝርዝር ስለ ዘመኑ ጋብቻ ብዙ ታስተምራለች።

ቦርሳው ሲመለስ ጥያቄው ወደ በሩ ዞረ። በ1891 ፍርድ ቤት ባል ሚስቱን በግድ ቤት ሊይዛት እንደማይችል ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው የጆርጅ ጊሲንግ «ትርፍ ሴቶች» ውስጥ ሞኒካ በጨርቃ ጨርቅ መደብር በቀን ከ13 ሰዓት በላይ ከመቆም ለመገላገል ስትል በዕድሜ የሚበልጣትን ዊዶሰንን ታገባለች፤ እሱም ገንዘብ አይነፍጋትም፣ መውጫና መግቢያዋን ግን ይቆጣጠራል። ጓደኛዋ ሮዳ ነን በበኩሏ ሴቶችን የጽሕፈት መኪና እያስተማረች፣ የቀረበላትን ጋብቻ ትታ ለብቻዋ ትቀራለች። ጋዜጦች በዚያው ሰሞን «አዲሲቱ ሴት» ያሏት ይህች ናት። በ1894 ዋናዎቹ የኪራይ ቤተ መጻሕፍት የሦስት ቅጹን ልብ ወለድ በቃን ሲሉ ደራሲዎች ከነሙዲ ቁጥጥር ተላቀቁ፤ ይሁን እንጂ በቀጣዩ ዓመት ቶማስ ሃርዲ «ጁድ»ን ሲያወጣ አንድ ጳጳስ መጽሐፉን አቃጥያለሁ ብሎ በይፋ አስታወቀ።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው አንባቢ ከአን ብሮንቴ ይጀምር። የሚገዛውን ቅጂ ግን አስቀድሞ ይመርምር፤ በ1854 የወጣው ርካሽ እትም የመጽሐፉን መክፈቻ ደብዳቤ ቆርጦ ስለጣለው፣ ብዙዎቹ የኋላ እትሞችም እሱኑ ስለ ቀዱ፣ በደብዳቤ የማይጀምረው ቅጂ ጎደሎ ነው።