የመኪና የፍሬን ሸራ የሚለወጥበትን ጊዜ ስለ ማወቅ

ሰው መኪናን የሚያደንቀው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ የተሳፋሪው ሕይወት ግን የተንጠለጠለው በፍሬኑ ላይ ነው። የፍሬን ሸራ በብረት ጀርባ ላይ የተለጠፈ፥ እየተፋተገ እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ክፍል ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት ግፊቱን ወደ ፒስተኑ ያደርሳል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ያጣብቀዋል። ሸራው ማለቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ማለቁ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

በመሠረቱ ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 370,000 ጁል ያህል ኀይል ይይዛል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን የዚህን ሩብ ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ደግሞ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ቁልቁል ይወርዳል። ከ1,000 ሜትሩ ብቻ የሚገኘው ኀይል 14,700,000 ጁል ያህል ነው፤ ይኸውም ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 40 ጊዜ ያህል እንደ መቆም ይቈጠራል። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና፥ ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ፥ ሞተሩ ይቀበሉታል፤ የቀረውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው።

የሳሳ ሸራ አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው። በከተማ ሜዳ ላይ መኪናውን ከአዲሱ ባልተለየ ሁኔታ ሊያቆም ስለሚችል ነጂው ምንም አይጠረጥርም። ነገር ግን ሸራው ሙቀት ወደ ዘይቱ እንዳይዘልቅ የሚከላከል ግድግዳም ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ዘይቱ ይግላል፤ እርጥበት የሳበ አሮጌ ዘይት ከሆነም በቶሎ ይፈላል። እንፋሎቱ በግፊት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ታፏጫለች። ዝናብ ሲመታው ያደረ መኪና ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ቢያሰማ በዲስኩ ላይ የወጣ ዝገት ስለሚሆን አያሠጋም፤ ፉጨቱ ካልተወ ግን ሸራው ይመርመር። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ ሸራው ጨርሶ አልቆ ጀርባው ዲስኩን እያረሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ በሸራው ዋጋ ላይ የዲስኩ ዋጋ ይጨመራል።

ሁለተኛው ምልክት የዘይቱ መጠን ነው። ሸራው በሳሳ ቍጥር ፒስተኑ ወደ ፊት ስለሚወጣ በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ይላል። ስለዚህ የጎደለውን ዝም ብሎ መሙላት ምልክቱን መደምሰስ ነው፤ አስቀድሞ ሸራውን ማየት፥ ዘይት የሚያፈስስ ቦታ አለመኖሩንም ማረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛውና እርግጠኛው መንገድ መለካት ነው። የአዲስ ሸራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የብረቱን ጀርባ ሳይጨምር 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ የተለመደ ምክር ነው። ሠሪው የወሰነው ልክ ካለ እርሱ ይቀድማል። የውስጡ ሸራ ከውጪው ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል ጎማው ወልቆ ሁለቱም ይለኩ። በኋላ ጎማዎቹ ከበሮ መሰል ፍሬን ላለው መኪናም ከበሮው መከፈት አለበት።

ሁሉም ችግር ግን ከሸራ አይመጣም። መኪናው ወደ አንድ ጎን ቢስብ ፒስተን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ ዲስኩ ይመርመር። ሸራ ሲለወጥም የግራውና የቀኙ በአንድነት ይለወጣል። የቀድሞ ሸራዎች አስቤስቶስ ስለ ነበረባቸው፥ ብናኙም ሳንባን ስለሚጎዳ፥ መካኒኩ አቧራውን በአየር ግፊት ወይም በትንፋሽ ማራገፍ የለበትም።

በመጨረሻም የተሄደውን ኪሎ ሜትር መቍጠር ብቻውን አይበቃም። በሜዳ የሚመላለስ መኪናና ዘወትር ከእንጦጦ የሚወርድ መኪና እኩል ቢሄዱም ሸራቸው እኩል አያልቅም። ስለዚህ ሸራው መለካት ያለበት በመንገዱ ጠባይ መሠረት፥ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው።