ሁለት ሲም፣ አንድ ጆሮ

ፋው ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የራሃድ መስኖ እርሻ ያቆማት ከተማ ናት። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ለእርሻ ሥራ ወደዚያ አካባቢ የወረደ አበሻ ኪሱ ቢፈተሽ ቴክኖ ወይም አይቴል ስልክ አይጠፋም ነበር።

«የቻይና ዕቃ» እያለ ይህን ስልክ የሚያጣጥል ሰው ያናድደኛል። ቻይናዊው ራሱ አይገዛውማ! አምራቹ ትራንሽን መሥሪያ ቤቱ ሼንዘን ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን የጣለው አፍሪካ ላይ ነው፤ በአገሩ ገበያ የለውም ማለት ይቻላል። እና የሚደርሰን ከሌላ የተረፈ አይደለም። ካሜራው የጠቆረ ፊት አጥርቶ እንዲያነሳ ተስተካክሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፍቶ፣ በአማርኛ የሚጻፍበት ስልክም አቅርቧል። ባትሪው ይቆያል፣ አናቱ ላይ መብራት አለ፤ ይህንማ ማን ያጣዋል።

እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው የሲም ማስገቢያ ነው። እንደ ናይጄሪያ ባለ አገር የቴሌኮም ድርጅቱ ብዙ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መደወል ውድ ስለነበር ሰው ሁለት ሦስት ሲም ይይዛል። እኛ ዘንድ ግን ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ እስኪጀምር የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። መሀል አገር ላለው ሁለተኛው ማስገቢያ ባዶውን ኖረ። ጠረፍ ላይ ነው ባለቤቱን ያገኘው። መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ጅረት ነው፤ የኢትዮጵያው ሲም ለእናት፣ የሱዳኖቹ የዛይን ወይም የሱዳኒ ሲም ለአሠሪው። ለሌጎስ ነጋዴ የታሰበው ለሰሊጥ አጫጁ ሆነ። ስልኩን የሠሩት መሐንዲሶች መተማን በሕልማቸውም ያዩ አይመስለኝም።

ታዲያ የስልኩን ጠባይ ሳያውቁ ስሙን የሚያጠፉ አሉ። ሲሙ ሁለት ይሁን እንጂ፣ በነዚህ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ያለው ራዲዮ በአብዛኛው አንድ ነው። ሥራ ሲፈታ ሁለቱን ኔትወርክ እየተፈራረቀ ያዳምጣል፤ በአንዱ ማውራት ስትጀምሩ ግን ለሌላው ይደነቁራል። በዚያ የሚደውል ሰው «አይገኝም» ይባላል። ስንቱ ዘመድ «ዘጋብኝ» እያለ ተቀያየመ! ገዳሪፍ ገበያ አንድ ልጅ ከአሠሪው ጋር በሱዳኑ ሲም ሲነጋገር እናቱ በአገር ቤቱ ስትደውልለት ቆይታ ኖሮ፣ ኋላ ስታገኘው ያወረደችበትን እርግማን አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ስልኩን ተቀብዬ «እማማ፣ ልጅዎ አልዘጋብዎትም፣ ስልኩ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ።

ሁለተኛው በደል ባትሪው ላይ የሚፈጸም ነው። ገላባት ላይ የኢትዮጵያው ማማ ሞገድ ጅረቱን ይሻገራል፤ ፋው ድረስ ግን አይዘልቅም። ሲሙ የሚቀበለው ኔትወርክ ሲያጣ ስልኩ ፍለጋውን አያቆምም፤ ቀኑን ሙሉ ሲባዝን ቻርጁን ይጨርሳል። ባለቤቱ «ባትሪው ሞተ» ብሎ ሌላ ባትሪ ይገዛል፣ ነጋዴውም ደስ ብሎት ይሸጥለታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያን አንዱን ሲም ብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ ካርዱን ማውጣትም አያስፈልግ። እባካችሁ፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ወደ ጠረፉ ስትመለሱም መልሳችሁ ማብራት አትርሱ።