ስያሜና ልኬት፦ ከኦቶ ሃን የምርምር ሕይወት ለሙያ ቃላት የሚገኝ ትምህርት

የሳይንስ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው በመጀመሪያ የሚመረምረው የቃሉን ሥርወ ትርጉም ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ስያሜ የወጣው ነገሩ በሚገባ ሳይታወቅ በመሆኑ፣ ሥርወ ቃሉን ብቻ ተከትሎ መተርጎም የቆየ ስሕተትን በአዲስ ቋንቋ መትከል ይሆናል። ይህን ለማስረዳት የጀርመናዊውን የኑክሊየር ኬሚስትሪ ሊቅ የኦቶ ሃንን (1879–1968 እ.ኤ.አ.) የምርምር ሕይወት መርጠናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሃን በ1904 ወደ ሎንዶን ሄዶ በዊልያም ራምዚ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ራዲየም የተቀላቀለበት የባሪየም ጨው ተሰጠውና ራዲየሙን እንዲለይ ታዘዘ። በ1905 ከዚያው ጨው ውስጥ ያልታወቀ ጨረር አመንጪ ነገር አገኘ፤ ከቶሪየም የሚወለድ ሆኖ ስላገኘውም «ራዲዮቶሪየም» አለው። በ1907 ደግሞ በርሊን ውስጥ በቶሪየምና በራዲዮቶሪየም መካከል ሌላ ነገር መኖሩን አሳይቶ «ሜሶቶሪየም» ሲል ሰየመው። «ሜሶ» በግሪክኛ «መካከል» ማለት ነው።

እነዚህ ነገሮች በሚዛን ለመመዘን እጅግ ያነሱ ስለነበሩ የሚታወቁት በጨረራቸው ብቻ ነበር። ኤሌክትሮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ በኤሌክትሪክ የተሞላ ስስ የብረት ቅጠል ተነሥቶ ይቆማል፤ ጨረር አየሩን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሲያደርገው ቅጠሉ ይወርዳል። የአወራረዱ ፍጥነት የጨረሩን ብርታት ይለካል። ልኬቱ በየጊዜው ሲደጋገም የነገሩ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከአቶሞቹ እኩሌታው ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ይታወቃል። አዲስ ግማሽ ዕድሜ በተገኘ ቁጥር አዲስ ስም ይወጣ ስለነበር ስሞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ሆኑ።

ችግሩ የተገለጠው በኬሚስትሪ በኩል ነው። ራዲዮቶሪየምን ከቶሪየም፣ ሜሶቶሪየምንም ከራዲየም መለየት በየትኛውም ዘዴ አልተቻለም። በ1913 ፍሬድሪክ ሶዲ ምክንያቱን ገለጠ፦ አንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች ሊኖሩት ይችላል። እነዚህም «አይሶቶፕ»፣ ማለትም «ባለ አንድ ስፍራ»፣ ተባሉ፤ ቃሉን ያመነጨችው ሐኪሟ ማርጋሬት ቶድ ነበረች። ስለዚህ ራዲዮቶሪየም ዛሬ ቶሪየም-228 ነው። ኋላ «ሜሶቶሪየም አንድ» የተባለው ግን ራዲየም-228 እንጂ ቶሪየም አይደለም። «መካከለኛ ቶሪየም» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃሉን በትክክል ቢያስተላልፍም ነገሩን ይስታል።

ከ1934 በኋላ ሃን፣ ሊዘ ማይትነርና ፍሪትስ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱ ያገኟቸውን ነገሮች ከዩራኒየም የከበዱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች አድርገው ሰየሟቸው። ማይትነር በትውልዷ አይሁዳዊት በመሆኗ በሐምሌ ወር 1938 ከጀርመን ሸሸች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሃንና ሽትራስማን ራዲየም ነው ያሉትን ውጤት ከባሪየም ሊለዩት ቢሞክሩ አልተለየም፤ ራሱ ባሪየም ነበርና። በጥር 1939 ባሳተሙት ጽሑፍ ኬሚስትሪው ባሪየም እንዲሉ ቢያስገድዳቸውም፣ ከፊዚክስ ጋር ስለሚጋጭ ማመንታታቸውን አልሸሸጉም። የዩራኒየም ኑክሊየስ ለሁለት መከፈሉን ያስረዱት ማይትነርና የእኅቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው። ሆኖም የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሃን ብቻ ተሰጠ።

ፍሪሽ «ፊሽን» የሚለውን ቃል የወሰደው ከሥነ ሕይወት፣ ከሕዋስ መከፈል ነው። አማርኛም «የሕዋስ ክፍፍል» የሚል ስያሜ ስላለው፣ እኛ «የኑክሊየስ ክፍፍል» የሚለውን እንመርጣለን። «የኑክሊየስ ፍንዳታ» ማለት ግን ያሳስታል፤ በኃይል ማመንጫ ውስጥ ክፍፍሉ ያለ ፍንዳታ ይካሄዳልና። እንዲሁም የአቶምን በራሱ መለወጥ «መበስበስ» ማለት ነገሩ የሚሻግት ያስመስላል፤ «ለውጠት» ቢባል ይሻላል እንላለን። «ግማሽ ዕድሜ» ተስማሚ ስያሜ ቢሆንም ያለ ፍቺ መቅረብ የለበትም፤ ከሁለት ግማሽ ዕድሜ በኋላ አንድ አራተኛው ይቀራል እንጂ ሁሉም አያልቅም።

በጠቅላላው፣ እንደ ሜሶቶሪየም ያሉ የታሪክ ስሞች እንዳሉ ተጽፈው ከዛሬው የአይሶቶፕ ስማቸው ጋር ይፈቱ፤ የሂደት ስሞች ግን በፅንሰ ሐሳባቸው ይተርጎሙ። ሃን የራሱን ስያሜ የሻረው ልኬቱንና ኬሚስትሪውን አምኖ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ከቃሉ ይልቅ ነገሩን ማመን ይገባዋል።